ለኤይኖ የተሰጠ አንድ ድምፅ

ፔልቶላ መንደር፣ ሚሺጋን
ኦገስት 6

ለወንድሜ ልጅ ለዴል፣

እንደምን ከርመሃል? የባሕር ማዶው አየር ተስማማህ ወይ? እኔ አክስትህ ሌምፒ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ስለሚነግረኝ አላማርረውም። ይህች ደብዳቤ ጠግበህ፣ ተኝተህ፣ ደረቅ ካልሲ አድርገህ ታግኝህ።

ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ስልክ ላይ ትቆጣለህ። ደብዳቤ ሲሆን ሰው ቢቆጣም እስክሪብቶ ፍለጋ እስኪነሳ ይበርድለታል።

አባትህ አሁንም አውራጃው በሚያስተዳድረው የአረጋውያን መጦሪያ፣ በሐይቅ ዳር ቤት ነው። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ተነስቶ መስታወቱ ድረስ ሲመጣ፣ ፈረቃው የደረሰ ይመስለዋል። «መብራቴን አምጡልኝ» ይላል። መዳብ ማውጫው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ እሱ ግን ሌሊቱን ሁሉ ከመሬት በታች ሲሠራ አድሮ ጠዋት ደክሞት ይነሳል። ካሮል የምትባለው ነርስ «ኤይኖ፣ ዛሬ እረፍትህ ነው» ትለዋለች። ያምናትና ቁርሱን ይበላል። አንዳንድ ቀን ሳየው፣ እኛ ነን ሕልም ውስጥ ያለነው ወይስ እሱ እላለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የአውራጃው ምክር ቤት ሐይቅ ዳር ቤትን ሊሸጠው ነው። ገዢው ኩባንያ ወደ ደቡብ ሌላ አውራጃ እንዲህ ያለ ቤት ገዝቶ፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ዘግቶ፣ ሽማግሌዎቹን እንደ ዕቃ ጭኖ በትኗቸዋል። ምክር ቤቱ አምስት ሰው ነው። ሁለቱ ይሸጥ፣ ሁለቱ አይሸጥ ብለው ቆመዋል። አምስተኛው ወንበር የእኛ ነው፤ የተቀመጠበትም ጎርደን ፔንሃል ነው። እሱ «ይሸጥ» ይላል። ማርሊን ሄይኪነን ልትወዳደረው ተነስታለች። ታስታውሳታለህ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶብስ ትነዳ የነበረችውን። ማርሊን ካሸነፈች ቤቱ ይተርፋል፤ ጎርደን ካሸነፈ አባትህ ሐይቁን አያይም። ነገሩ ይኸው ነው።

ምርጫው በኖቬምበር ነው፤ ያ ፕሬዚዳንት የማይመረጥበት የአጋማሹ ምርጫ፣ ሰው ሁሉ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሚያሳልፈው። ስምህ ገና የእኛ መንደር መዝገብ ላይ አለ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ጠይቀህ ሞልተህ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግብህም።

አክስትህ ሌምፒ


ቱርኩ፣ ፊንላንድ
ሴፕቴምበር 11

ለአክስቴ ለሌምፒ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ጉልበትሽን ይማርልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ይዤው ስዞር ስለከረምኩ ጠርዙ ተቃጥሏል። ብየዳ ላይ ያለ ሰው ኪስ ለደብዳቤ አይሆንም።

እዚህ በጋውን ሙሉ ፀሐይዋ ብትጠልቅም ሌሊቱ ስለማይጨልም፣ እንቅልፍና ንቃት ተምታቶብኝ ከረመ። በምሳ እረፍት የምንሠራው መርከብ ሆድ ውስጥ ጋደም እላለሁ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ኳ ኳ ይላል። አንድ ቀን አባቴ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ የሚያንኳኳ መስሎኝ መልሼ አንኳኳሁ። የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

ድምፅ የሚባለውን ነገር ግን አታንሺብኝ። ማውጫው የተዘጋ ጊዜ ያ ከደቡብ ለምርጫ ሊቀሰቅስ የመጣው ሰውዬ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ምን እንዳለ ከእኔ የበለጠ ታስታውሺያለሽ። «ማውጫውን አስከፍታለሁ» አለ። አባቴ አመነው። የሰውዬውን ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ በዚያ በረዶ በር ሲያንኳኳ ከረመ። ሰውዬው ተመረጠ፤ ማውጫው ተዘግቶ ቀረ፤ ቤታችንን ባንክ ወሰደው። እናቴ ሳህኖቹን የጠቀለለችው የሰውዬው ፎቶ ባለበት ጋዜጣ ነበር። ያን ቀን ግቢው ውስጥ «አንተና ድምፅህ ሜዳ ላይ ጣላችሁን» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከአባቴ ጋር አልተነጋገርንም።

ዛሬም ፖለቲከኞቹ ዳቦ ተወደደ፣ ነዳጅ ተወደደ፣ ጥፋቱ የእነዚያ ነው ይባባላሉ። ተራ በተራ ይመጣሉ፤ የእኛ ሰው እንደሆነ ያው ነው። እዚህ የአከራዬ እናት ከተማው በሚያስተዳድረው የአረጋውያን ቤት ትኖራለች። ልሽጥሽ የሚላት የለም። ሰው እንዲህም መኖር ይችላል።

ገንዘብ ልላክልሽ። ደህና የግል ቤት ፈልጊለት፤ ወጪው በእኔ ነው። ይህን በደስታ አደርጋለሁ።

ዴል


ፔልቶላ
ሴፕቴምበር 24

ለዴል፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለዚያ ለተቃጠለው ኪስህም። ቅጠሉ ቀልቷል። ሐይቁ ዛሬ ጠዋት ድምፁን አጥፍቶ ተኝቶ ነበር፤ ጀልባዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር። በዚህ ቀን መጣላት ባልፈልግም፣ አስገደድከኝ።

ገንዘብህን እዚያው ያዘው። የግል ቤት ፈልጊ ትለኛለህ። የት? እዚህ አካባቢ ሌላ የለም። ልትወልድ የደረሰች ሴት እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት አለባት። ገንዘብ የሚገዛው ያለ ነገር ሲሆን ነው።

የአከራይህ እናት የምትኖርበት ቤት ከየት መጣ? ከበረዶ ጋር ከሰማይ ወረደ? አንድ ሰው ተነስቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሄዶ ድምፅ ሰጥቶበት ነው። የእኛም እንደዚያው ነው። ሐይቅ ዳር ቤትን ያሠራው ያ ክፉ የድህነት ዘመን ነው። ድንጋዩን የደረደሩት ሥራ የፈቱ ቆፋሪዎች ናቸው፤ አያትህም አንዱ ነበር። ኪሳቸው ባዶ ሆኖ ሳለ «ግብር ጨምሩብን፣ ሽማግሌዎቻችን ሜዳ አይውደቁ» ብለው በድምፃቸው ወሰኑ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ጎርደን ይልሳል። አንተ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆነህ ጨው አልወድም ትላለህ።

ስለዚያ ሰውዬ እውነትህን ነው። ዋሽቶናል። እኔም በር አንኳኩቼለታለሁ። ግን ሌባ በር ሰብሮ ገባ ተብሎ በር ይነቀላል?

ከማርሊን ጋር እየዞርኩ ነው። ትናንት ገበሬው ራስሙሰን ደጅ ቆምን።

«ማርሊን፣ ልጆቼን አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አስቀርተሽብኝ አታውቂም» አላት። «ግን ዴሞክራት ነሽ።»

«ልጅ ሆነህ አውቶብሴ ላይ ስትሳፈር ፓርቲህን ጠይቄሃለሁ?»

«አልጠየቅሽኝም። መስኮት ዳር እንዳልቀመጥ ግን ከልክለሽኛል።»

«ትተፋ ነበራ።»

ሚስቱ ከውስጥ «አሁንም ይተፋል» አለች። ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ጠቅልላ ሰጠችን፤ ድምፃቸውን ይስጡን አይስጡን ግን አልተናገሩም።

አንድ ነገር ላስታውስህ። የማዕድን ጉድጓድ ተቆጣጣሪ የሚለው ሹመት ዘንድሮም ወረቀቱ ላይ አለ። ጉድጓድ የለ፣ ቆፋሪ የለ፣ ተወዳዳሪ የለ፤ ሕጉ ግን ማንም ስላልሰረዘው አለ። በቤታችን ልማድ ባዶው መስመር ላይ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ከታች የቀረብንን ሰው ስም እንጽፍ ነበር። አባትህ ሁልጊዜ የአያትህን ስም ነበር የሚጽፈው። ድምፁ እንደማይቆጠር ያውቃል። አንተ ትንሽ ልጅ ሆነህ ትከሻው ላይ ተቀምጠህ ድምፅ መስጫው መጋረጃ ውስጥ አብረኸው ትገባ ነበር። «አያቴ ተመረጠ?» ብለህ ስትጠይቅ አዳራሹ በሙሉ ይስቅ ነበር።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔ ግን ላንተ ወረቀት ላውስህ ነው። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ። ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ነው ልጄ።

ሌምፒ


ቱርኩ
ኦክቶበር 19

ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጭቅጭቅሽ ባሕር ተሻግሮ ጆሮዬን ያዘኝ፤ እሺ ብዬሻለሁ።

ከመንደራችን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በኢሜይል ላኩልኝ፤ ቢሮ ያለችው ልጅ በተራ ወረቀት አተመችልኝ። ከሥራ በኋላ መርከቡ ላይ ይዤው ወጣሁ። ከተሳፋሪዎቹ ክፍሎች አንዱ ውስጥ ገባሁ፤ አልጋ የለው፣ መብራት የለው፣ ገና ብረት ብቻ ነው። በክቡ መስኮት የማታ ብርሃን ይገባል። መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ የማዕድን ጉድጓድ ተቆጣጣሪ የሚለው ጋ ስደርስ፣ የአባቴ ትከሻ ላይ ያለሁ መሰለኝ። የኮቱ የረጠበ ሱፍ ሸተተኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። መስመሩ ላይ የእሱን ስም ጻፍኩ። ኤይኖ ሳሪ። በሕይወት ያለ ሰው ስም አይጻፍ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ከታች የቀረብኝ እሱ ነው። ስጽፍ ያለቀስኩ ይመስለኛል።

በማግስቱ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ድምፅሽን ልኬልሻለሁ። አሁን ደስ ይበልሽ።

ምድሩ እየጨለመ ነው። ሰላም ሁኚ።

ዴል


ፔልቶላ
ኖቬምበር 23

ለዴል፣

የምስጋና ቀን ዋዜማ ነው፤ ሰላም ለቤትህ ይሁን። ዘግይቼብሃለሁ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

እንደምታውቀው ምርጫ አስፈጻሚ ነኝ። የምርጫው ዕለት በረዶ ሲጥል ዋለ፤ ሰዉ ግን መጣ። በራስሙሰን ትራክተር ጭምር መጡ። ሐይቅ ዳር ቤት ያሉት ሽማግሌዎች ድምፃቸውን አስቀድመው ልከው ነበር። አባትህ ግን ቀኑንም አያውቅ፤ ለእሱ ማንም አልሞላለትም፣ አይገባምም።

ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ተራ ወረቀት ስለሆነ ማሽኑ አይቀበለውም። ስለዚህ ከሁለቱ ፓርቲ አንድ አንድ ሰው ተቀምጦ፣ አንዱ እያነበበ ሌላው በደንበኛው ወረቀት ላይ ይገለብጠዋል። ከወዲያ ሃርላን ትሬዛይዝ፣ ከወዲህ እኔ። ሃርላንን ታውቀዋለህ፤ ሪፐብሊካን ሆኖ የተወለደ ሰው ነው፣ ሚስቱ ዶሪስ ግን ሐይቅ ዳር ቤት ከአባትህ ሁለት በር አልፋ ነው የምትተኛው። እሱ አነበበ፣ እኔ ገለበጥኩ። ተቆጣጣሪው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኤይኖ ሳሪ» አለ። የወንድሜን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩት። ለዚህ ቢከሱኝ ይክሰሱኝ፤ ይህን አለመንገር አልቻልኩም። ሌላው ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር የመሐላዬ ነው፤ አልጽፈውም።

ሲቆጠር ማርሊንና ጎርደን እኩል ለእኩል ሆኑ። እንደገና ተቆጠረ። ያው ነው። በሕጋችን ሁለት ሰው እኩል ሲወጣ ዕጣ ይወጣል። ትናንት አውራጃው ጽሕፈት ቤት ተሰበሰብን። ጸሐፊዋ ሁለት የተጠቀለሉ ወረቀቶች አባቷ ወደ ማውጫው ይዞት ይወርድ በነበረው የምሳ ዕቃ ውስጥ ጨመረች። አንዱ ላይ ተመርጧል፣ ሌላው ላይ አልተመረጠም የሚል ተጽፏል። ማርሊን እጇን ሰደደች። ከፍታ አየችው፤ ከዚያ አጥፋ ኪሷ ጨመረችው።

«አይ እንግዲህ» አለች፣ «አውቶብሱን ማጠብ አለብኝ።»

ጎርደንም አልሳቀም። ኮፍያውን ፈልጎ ወጣ።

ቤቱ በኤፕሪል ይሸጣል።

ሌምፒ


ቱርኩ
ዲሴምበር 8

አክስቴ፣

ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅር በይኝ።

ለማርሊን አልመረጥኩም። ለጎርደንም አልመረጥኩም። ከስማቸው አጠገብ ያለችውን ክብ ሳላጠቁር ባዶ ተውኳት። ሌሎቹንም ሁሉ ባዶ ተውኳቸው። የጻፍኩት የአባቴን ስም ብቻ ነው። ድምፅሽን ልኬልሻለሁ ስልሽ እያወቅሁ ነው የዋሸሁሽ። ለእነሱ ጨዋታ እጄን አልሰጥም፣ ለአባቴ ግን ፍቅሬን እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር። ያን ማታ በዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ ትልቅ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። የማይቆጠረውን ድምፅ በእንባ ጽፌ፣ የሚቆጠረውን ግን ባዶ ትቼው ተነሳሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ።

አንዲቷን ክብ ባጠቁራት ኖሮ እኩል ባልሆኑ ነበር። ይህን እያሰብኩ ነው የምተኛው። ስተኛ ደግሞ መርከቡ ውስጥ ነኝ፤ ክፍሉ ሁሉ አልጋ አለው፤ አልጋው ላይ ሁሉ ሽማግሌ ተኝቷል፤ መርከቡ ይንቀሳቀሳል፤ ወዴት እንደሚወስዳቸው የሚያውቅ የለም። እኔ በር በር እያንኳኳሁ አባቴን እፈልጋለሁ።

አንቺ በእኔ ተማምነሽ ነበር። ብትረግሚኝ አይፈረድብሽም። ገንዘብ ልላክ አልልሽም አሁን። ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ዴል


ፔልቶላ
ዲሴምበር 21

ለልጄ ለዴል፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ የዓመቱ አጭሩ ቀን ነው፤ አንተ ጋ ደግሞ ከእኛም ይብሳል። ሻማ አብርተህ አንብበው።

ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። የገለበጥኩት እኔ አይደለሁ? አንተ ራስህ ስለተናገርክ አሁን መሐላዬ አይከለክለኝም።

ሃርላን እያነበበ መጥቶ «ለአውራጃ ምክር ቤት» አለ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። «ባዶ» አለ። «ባዶ» አልኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ክቧ ከጣቴ ሥር ናት፤ ከባቄላ አትበልጥም። ሃርላን መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ መስኮቱ ዞረ። በረዶውን ያይ ጀመር። ያለ መነጽር በረዶ አይታየውም፤ ይህን ሰው ሃምሳ ዓመት አውቀዋለሁ። «ዶሪስ ዛሬ ጠዋት በስሜ ጠራችኝ» አለ። ግን አልዞረም። እኔን ላለማየት ይሁን ልቡ ስላዘነ፣ አልጠየቅሁትም፤ ልጠይቀውም አልፈልግም።

ዴል፣ አንድ ክብ ባጠቁር ወንድሜ ሐይቁን እያየ ይሞታል። የምጎዳው ማንን ነው እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ እነዚያ ኪሳቸው ባዶ የነበሩት ሰዎች ድንጋይ ከመደርደራቸው በፊት ድምፃቸው በትክክል መቆጠሩ ትዝ አለኝ። የሚሠራ ነገር ሁሉ በዚያ ላይ ነው የቆመው። በወንድሜ ስም እሱን ከሰረቅሁ፣ ለጎርደን ምን እላለሁ? ደግሞ ባዶውም የአንተ ነው። አልነካሁትም። «ቀጥል» አልኩት። መነጽሩን አደረገ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ተናድጄብሃለሁ። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ስምህን ሳልጠራ ምድጃዬን ፈገፈግሁ። መርገም ግን አልሆነልኝም፤ የወንድሜን ስም እንዴት አድርገህ እንደጻፍከው አይቻለሁ። ፊደሉ የእሱ ነው። የራሱ የኤይኖ ጽሕፈት ነው።

ማርሊን አላረፈችም። ሽያጩን ለሕዝብ ድምፅ እናቅርበው ብላ ፊርማ እየሰበሰበች ነው፤ መጀመሪያ የፈረመላት ሃርላን ነው። ከተሳካ በማርች እንመርጣለን። ካልተሳካም አባትህን እኔ ቤት አመጣዋለሁ። የመኝታ ቤቱ መስኮት በሐይቁ በኩል ነው። ደረጃውን ግን ብቻዬን ተሸክሜው አልወጣም።

ትናንት ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ መስታወቱ ላይ ነበር፤ በረዶው፣ ሐይቁና ሰማዩ አልለይ ብለው ነበር። «ኤይኖ፣ የጉድጓድ ተቆጣጣሪ ሆነህ ተመርጠሃል» አልኩት። ለጨዋታ ነበር። ትራሱ ላይ ቀና አለ። ፊቱ ተለወጠ፤ የድሮው ወንድሜ ሆነ።

«ስንት ሰው ታች አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም። ፈረቃው አልቋል።»

«ሁሉም ወጥተዋል?»

አዎ ብለው ይተኛ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። «አንድ ቀርቷል» አልኩት፤ አንተን አስቤ።

የማን ልጅ ነው ብሎ አልጠየቀም። እግሩን ከአልጋው አውርዶ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። ካሮል መጥታ «ኤይኖ፣ ዛሬ እረፍትህ ነው» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አላመናትም።

«ተቆጣጣሪው ቀድሞ አይተኛም» አላት። «መብራቱን እንዳታጠፊ።»

መብራቱ እስካሁን አልጠፋም።

አክስትህ ሌምፒ